ለድሬ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተቋራጩን ዲዛይኑ ሳያልቅ እንዴት ማስገባት ይቻላል?

የተለመደው አሠራር ይታወቃል። አማካሪው ዲዛይኑን ይጨርሳል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ተቋራጩ ሳይቱን በደንብ የሚያየው ውል ከፈረመ በኋላ ነው። ለትምህርት ቤት ሕንፃ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ላይ ግን ያስከፍላል። ወንዙ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል።

ሥራውን የምታሠሩ የከተማ አስተዳደሩ ሰዎች፣ መጀመሪያ ካላንደር ያዙ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ክረምቱም ያኔ ነው። ከመጋቢት በኋላ ደግሞ በልግ አለ። መሠረት ለመቆፈር የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በጀት ሲለቀቅ ጨረታ ብትጀምሩ፣ ግምገማው፣ ቅሬታው፣ ቅድመ ክፍያው ሲባል ማሽን ሳይት የሚገባው በልጉ ደጅ ሲደርስ ነው። ተቋራጩ ቀድሞ ከገባ ግን ድንጋዩና የጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ሽቦው በክረምቱ ይሰናዳል፣ ጥቅምት ላይ ቁፋሮ ይጀመራል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ዲዛይኑ ሲሶ ገደማ ሲደርስ ጨረታ አውጡ። ውሉ ሁለት ምዕራፍ ይኑረው፦ መጀመሪያ በዲዛይኑ ላይ የምክር ሥራ፣ ከዚያ በዋጋ ከተስማማችሁ ግንባታ። ውድድሩ በልምድ፣ በባለሙያዎች፣ በማሽንና በትርፍ መቶኛ ይሁን። አስቀድማችሁ ከግዢ ክፍልና ከሕግ ባለሙያ ጋር ተቀመጡ። ኦዲተር ሲመጣ «ተስማምተን ነው» አያዋጣም። ለምክሩም ክፈሉ፤ በነፃ የመከረ ተቋራጭ ሒሳቡን ሌላ ቦታ ላይ ይጭነዋል።

አሠራሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ከካትሪና አውሎ ነፋስ (በ2005 እ.ኤ.አ.) በኋላ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር ኒው ኦርሊንስ ውስጥ አንዳንድ የጎርፍ መከላከያዎችን የገነባው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን አማካሪውንና ተቋራጩን ከቢሮ አውጥታችሁ ወንዙ ውስጥ አቁሟቸው። የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ኤክስካቫተሩ ሁለት ሜትር ሳይወርድ ጠርዙ እየተናደ ከገባ፣ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የተሳለው ቁፋሮ ሳይት ላይ አፉ የሰፋ ገደል ይሆናል። የአፈሩ መጠን ይጨምራል፣ አንዳንዴም የጎረቤት አጥር ድረስ ይደርሳል። ይህ የግንባታው ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ከታወቀ የዲዛይን ለውጥ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ከታወቀ የተጨማሪ ክፍያ ጭቅጭቅ ነው።

እዚያው ቆማችሁ ጠይቁ። ግንብ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ውኃው እግሩን ቦርቡሮት ነው፤ ታዲያ መሠረቱን በደረቁ ወራት ምን ያህል ማውረድ ይቻላል? ጋቢዮን መሬቱ ሲሰጥም አብሮ ይታጠፋል፣ በሰው ጉልበትም ይሠራል፤ ነገር ግን ጎርፉ የሚያንከባልለው ድንጋይ ሽቦውን ይበላዋል። የቱ ክፍል በጋቢዮን፣ የቱ በሲሚንቶ ግንብ ይሠራ? ሥራው ሳያልቅ ዝናብ ቢመጣስ የት ላይ ይቆማል? ግማሽ ግንብ ውኃውን አዙሮ ሰው ቤት ሊያስገባ ይችላል። መልሱን በሥዕሉ ላይ አስፍሩት።

ጎርፍ ሳይት ላይ ቢደርስ ኪሳራው የማን እንደሆነም አሁኑኑ ተስማሙ። የውኃውን ከፍታ በሜትር ጻፉት፦ እስከዚህ የተቋራጩ፣ ከዚህ በላይ የከተማው።

መጨረሻ ላይ ዋጋ። ተቋራጩ የድንጋዩን፣ የነዳጁን፣ የቀን ሠራተኛውን ዋጋ ዘርዝሮ ያሳይ፤ ሌላ መሐንዲስ ደግሞ ለብቻው ይገምት። ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ካልተስማማችሁ የምክሩን ሒሳብ ከፍላችሁ ተለያዩ፣ ሥራውንም ለግልጽ ጨረታ አቅርቡ። ይህ እንዲቻል ዲዛይኑ የከተማ አስተዳደሩ ንብረት መሆኑ በመጀመሪያው ውል ላይ መጻፍ አለበት።