በማስታገሻ ሕክምና ጥናት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ሲስተር፣ ፓሊየቲቭ ኬር ላይ ልሠራ ነበር፣ አንዴ ቢያዩልኝ?» ይላሉ። ፓሊየቲቭ ኬር ያው ማስታገሻ ሕክምና ነው፤ የከባድ በሽታ ታማሚን ሕመምና ጭንቀት ማቅለል። ደስ ይለኛል፤ ድሮ ይህን ዘርፍ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ግን ፋይሉን ስከፍተው ያው ነው። ያው ርዕስ፣ ያው መጠይቅ፣ ያው ስህተት። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከርዕሱ ልጀምር። «በእንዲህ ያለ ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች ስለ ማስታገሻ ሕክምና ያላቸው እውቀት፣ አመለካከትና ተግባር»። የሆስፒታሉን ስም ብቻ እየቀየሩ መድገም ይብቃ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ጥናት አለ። 341 ነርሶች ተሳትፈውበት ጥሩ እውቀት ያላቸው 30.5 በመቶ፣ ቀና አመለካከት ያላቸው ደግሞ 76 በመቶ ሆነው ተገኙ። በጊዜው የሚያስፈልግ ሥራ ነበር። ነርሶቻችን ልቡ አላቸው፣ የጎደላቸው ሥልጠናው ነው። ይህን ካወቅን ቆየን። ደግሞስ ብዙዎች የሚገለብጡት ባለ 20 ጥያቄው የነርሶች መፈተኛ እ.ኤ.አ. በ1996 ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ነርሷ ሞርፊን የሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ምን እንደሚሠራ መልሳ ሙሉ ነጥብ ልታገኝ ትችላለች። ሌሊት ተረኛ ሆና ታማሚው ሲጮህ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ግን መፈተኛው አይጠይቃትም። ሥልጠና ስጡ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የታማሚው ሕመም ቀንሶ እንደሆነ ለኩ። ያንን ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

«ማስታገሻ ሕክምና ማለት ለመሞት ለተቃረቡ ሰዎች…» ብሎ የሚጀምር መግቢያ ሳይ ደግሞ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳለሁ። ሕክምናው ከባድ በሽታ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ከኬሞውም ከጨረሩም ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄኒፈር ቴመልና ባልደረቦቿ ቦስተን ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን መደበኛውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ለሌላው ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና ተጨመረለት። የተጨመረላቸው ሰዎች ኑሯቸው ተሻለ፣ ድባቴያቸው ቀነሰ። በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ሚዲያኑ (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ ያለው) 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ነበር። ግን ይህንንም ስትጠቅሱ ረጋ በሉ። አንድ በሽታ፣ አንድ ሆስፒታል ነው። «ዕድሜ ያረዝማል» ብላችሁ ለልብ ድካሙም ለኩላሊቱም አትለጥፉት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ታማሚው ስለ በሽታው ምን እንደሚያውቅ ሳያጣሩ የስምምነት ቅጽ ማንበብ።

መሀል ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል ነው፣ ስሙ ይቅር። መረጃ ሰብሳቢው ጨዋ ልጅ ነው። ጋውኑ ተተኩሷል፣ ወረቀቱ በክሊፕቦርድ ተይዟል። አልጋው ላይ ከገጠር የመጡ እናት ተኝተዋል። ልጃቸው «የማህፀን ቁስለት ነው፣ ይድናል» እያለች ነው እስካሁን ያቆየቻቸው። ማንበብ ጀመረ። «የዚህ ጥናት ዓላማ የካንሰር ታማሚዎችን የኑሮ ሁኔታ…» ልጅቷ ከራስጌው ሆና በዓይኗም በእጇም ትለምነዋለች። አያያትም፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው።

«ምን አልክ ልጄ? ካንሰር?»

«አዎ እማማ፣ ካንሰር ያለባቸውን ነው የምንጠይቀው።»

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?» አሏት። መረጃ ሰብሳቢው ግራ ገባው። ግን መጠይቁ መሞላት አለበት፤ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ አለፈ። «ባለፉት 3 ቀናት ጭንቀት ነበረብዎ?»

እኔ ሁለት አልጋ አልፌ ነበር የቆምኩት። እስክደርስ አልቋል።

መደበቁ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ታማሚ ከቤተሰቡ ቀድሞ ጠርጥሮ ዝም ይላል፤ እነሱ ለእሱ ሲሉ፣ እሱ ለእነሱ ሲል። ግን እኛ አገር መርዶ እንኳ ሥርዓት አለው። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አነጋገር የሚያውቅ ሰው ተመርጦ ነው የሚነገረው። ልጁን ሳናግረው «የሥነ ምግባር ኮሚቴው አጽድቆታል እኮ» አለኝ። አጽድቆታል፣ ማኅተሙም አለ። ኮሚቴው ግን አልጋው ጋ አልነበረም።

ስለዚህ ቅጹን ከማውጣታችሁ በፊት የዋርዱን ነርስ «ምን ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ታማሚውን ራሱን፦ «ስለ ሕመምዎ ሐኪም ምን ነገረዎት?» መልሱ «ቁስለት ነው» ከሆነ እዚያው ቁሙ። ጥናታችሁ የግድ ካንሰር መሆኑን የሚያውቅ ሰው የሚፈልግ ከሆነ እኒያን እናት አታስገቧቸው። ነገር ግን ባለማወቃቸው የቀሩት ስንት እንደሆኑ መዝግባችሁ አውጡት፤ እሱ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው። ታማሚው መሀል ላይ ቢያለቅስ ማን እንደሚጠራ ስሙንና ስልኩን አስቀድማችሁ ያዙ። «ወደ ሚመለከተው ክፍል ይላካል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያጽናናም።

በሕመም የሚንቆራጠጥን ሰው አርባ ጥያቄ ጠይቃችሁ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ነርስ ጥሩ።

ሕመም መለካቱ ራሱ ጣጣ አለው። «ከ0 እስከ 10 ቢሰጡት ስንት ነው?» ብላችሁ አባባን ስትጠይቋቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሏችኋል። ጎረቤታቸው ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ተማሪው «0» ብሎ ይሞላል። ሰውየው ግን ሌሊቱን ተቀምጠው ነው ያነጉት! ምስጋናውን ተቀበሉና ቀጥሉ። «ሌሊት እንቅልፍ ወሰደዎት? በየትኛው ጎን መተኛት ያቅትዎታል? ማስቀደስ ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው?» ቁጥር ከከበደ እጅ አለ። የተጨበጠ እጅ ሕመም የለም፣ አምስቱም ጣት ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። የአፍሪካ ማስታገሻ ሕክምና ማኅበር መለኪያም በዚሁ ከ0 እስከ 5 ነው የሚሄደው። 10 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ 7ቱ ለታማሚው፣ 3ቱ ለአስታማሚው። ብዙ የአፍሪካ ታማሚ ላይ ተሞክሯል። ታዲያ ለምን ስድስት ገጽ የፈረንጅ መጠይቅ ታስተረጉማላችሁ?

ካርድ ላይ ያለ ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ ከማሽን የወጣ ውጤት በፈረንጅ። ሁለቱን ሳያስማማ ያስገባ አንድ ልጅ፣ ታማሚው በሽታው ከመታወቁ 8 ዓመት በፊት መድኃኒት ጀምሮ አገኘሁት።

ጠበልን «ሕክምና ካቋረጡ» ጋር መመደብም አለ። እንጦጦ ወጥቶ ተጠምቆ ክኒኑን በጠበሉ የሚውጥ ሰው ምኑን አቋረጠ? ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ።

የሞተውን «ምላሽ ያልሰጠ» ብሎ መቁጠር ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ዘርፍ ሰው ይሞታል፤ ሦስት ወር ቆይቼ ድጋሚ እጠይቃለሁ ካላችሁ ይህን ከመጀመሪያው አስቡት። የቦስተኖቹን ተመልከቱ። ከ151ዱ እስከ 12ኛው ሳምንት 27ቱ መሞታቸውን፣ ከቀሩት 107ቱ ወይም 86 በመቶው መጠይቁን መሙላታቸውን በግልጽ ጽፈዋል። የሞተው ለብቻ፣ የደከመው ለብቻ፣ እምቢ ያለው ለብቻ።

አልጋ ላይ የተኛውን ብቻ ጠይቆ «በአዲስ አበባ የሚገኙ ታማሚዎች» ማለት ሌላው ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ሰው ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ ዘመድ ቤት ወይም ርካሽ አልጋ ይዞ ቀጠሮ ይጠብቃል። «ከዚህ በኋላ ቤት ውሰዱት» የተባለውም ሄዷል። ከሁሉም የባሰ ሕመም ያለው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናችሁ ውስጥ ግን የለም። ማስታገሻ ሕክምና የሚሰጠው ድርጅት ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተመሠረተ ጀምሮ ነርሶቹ ታማሚን ቤቱ ድረስ ሄደው ሲያዩ ኖረዋል። ስለዚህ «ቤት ለቤት አይቻልም» አትበሉኝ። ከሜክሲኮ ታክሲ ይዞ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም መውጣት ይደክማል፣ አውቃለሁ። ካልቻላችሁ ርዕሱን አሳንሱት።

ማጠቃለያው ላይ «ሞርፊን የለም፤ መንግሥት ትኩረት ይስጥ» ብሎ መዝጋት የስንፍና ነው። እጥረቱ እውነት ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። እሱን ጥቀሱ። ከዚያ ግን ፋርማሲው መስኮት ጋ ሂዱ። ያለቀው ሽሮፑ ነው ክኒኑ? መቼ አለቀ? እንዲመጣ የመጠየቂያውን ወረቀት የሚጽፈው ማነው? ማዘዣው የማን ፊርማ ይፈልጋል? መደርደሪያው ላይ እያለ «ሱስ ያስይዛል» ብሎ የማያዝ ሐኪምስ? ሞርፊን የጀመረን ሰው ስትጠይቁ ደግሞ ሆድ ድርቀትን አትርሱ፤ ሁሉንም ይይዛል ማለት ይቻላል። ያን ሳትጠይቁ መድኃኒቱን ለምን እንደተወው አይገባችሁም።

ገና ማስተርሳችሁን ሳትጨርሱ በኢሜይል «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ጽሑፍ የሚለምናችሁ መጽሔት የሚፈልገው ብራችሁን ነው።

በመጨረሻ፣ ከዲፌንስ በኋላ፣ ጽሑፋችሁን ፈታኞች ፊት ካቀረባችሁ በኋላ ማለቴ ነው፣ መጥፋት። ነርሶቹ ሥራ እየፈቱ መጠይቅ ሞሉላችሁ፤ ውጤቱን የሚነግራቸው የለም። አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፋችሁ ለዋርዱ ኃላፊ ስጡ። ባለፈው አንዲት ተማሪ ይህን አድርጋ ነበር። የሕመም መመዝገቢያው ቀን ቀን እየተሞላ ሌሊት ባዶ እንደሚያድር በሠንጠረዥ አሳየቻቸው። ኃላፊዋ አየችው፣ ከተረኞቹ ጋር ተነጋገረች። ቅጹ ቢሮ ውስጥ እየተቆለፈበት ነበር ለካ። አሁን በገመድ ታስሮ የመድኃኒት ጋሪው ላይ ተንጠልጥሏል።