የቆየ መኪና ወለል ውሃ ሲቋጥር

ከዝናብ በኋላ የመኪናችሁ ምንጣፍ ከረጠበ፣ ሲሊኮን ለመለቅለቅ አትቸኩሉ። በመስታወቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ ውሃ መውረዱ ያለ ነው፤ ዋናው ነገር ከታች ባሉት ቀዳዳዎች መውጣቱ ነው። ቅጠልና ጭቃ ሲደፍናቸው ነው ጉዱ የሚፈላው።

መጀመሪያ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የአየር ማስገቢያ ጥረጉ። የበሮቹን ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ጎርጉሩ፤ ሽቦ ቀለሙን ይልጠውና ለዝገት ያጋልጠዋል። ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ በየማዕዘኑ የውሃ መውረጃ ቱቦ ይኖረዋል፤ በዚያ ለስላሳ የናይለን ክር ስደዱ። በኮምፕሬሰር መንፋት ግን ይቅርባችሁ፤ ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ከመጋጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። እኔ በችኮላ ነፍቼው የጣሪያውን ጨርቅ እስከ ማውረድ ደርሻለሁ።

አሁንም ከገባ፣ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ እናንተ ከታች ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ውሃ አፍስሱ። ከላይ ከጀመራችሁ የቱ ጋ እንደገባ አይለይም። እርጥበቱ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሳይሆን ከማሞቂያው ራዲያተር የሚፈስ ፈሳሽ ነው።

ምንጣፉን አንሱት፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ካልደረቀ ወለሉን ዝገት ይበላዋል።