የብስክሌት የኋላ መጫኛ ከቀርከሃ እንዴት ይሠራል?

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ታመቻለች፤ ችግሩ ዕቃው ነው። መሪው ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ጎማ ውስጥ ይገባል፣ ጀርባ ላይ የታዘለ ቦርሳ ደግሞ ገና ከከተማ ሳይወጡ ሸሚዝን በላብ ያርሳል። የብረት መጫኛ ገዝቶ መገላገል ይቻል ነበር። እኔ ግን ቅዳሜና እሑድ እጄ ካልሠራ ቀኑ ስለማይመሽልኝ ከቀርከሃ ልሥራው አልኩ። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የምነግራችሁም የሁለተኛውን ነው።

ጥሩ ቀርከሃ ለማግኘት እንጅባራ ይሂዱ። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ሲሸጥ ያያሉ። ቀርከሃ ከመሬት በወጣ በጥቂት ወራት ቁመቱን ይጨርሳል፤ የሚጠነክረው ግን ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ለጋው ያብለጨልጫል፣ አንጓው ሥርም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታይበታል። የበሰለው ቀለሙ ደብዝዞ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ሲያንኳኩትም ድምፁ ጥርት ያለ ነው። መቼ እንደተቆረጠም ይጠይቁ። በበጋ የተቆረጠ ይሻላል፤ ውኃው ስለሚያንስ ነቀዝም ብዙ አይደፍረውም። የኔ የመጀመሪያው የነሐሴ ነበር። በወሩ ሥሩ እንደ ሽሮ የደቀቀ ዱቄት አገኘሁ።

ሁለት አውራ ጣት የሚወፍረውን መርጠው በመጋዝ ይቁረጡ። ለ26 ቁጥር ጎማ፦ 50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት አግዳሚዎች፣ 45 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት እግሮች፣ 14 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት መስቀለኞች። ገጀራ አይሞክሩ፤ ጫፉን ይሰነጥቀዋል።

አሁን መታገሥ ነው። ጥላ ውስጥ ግድግዳ አስደግፈው ሁለት ወር ያቁሙት። ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። እርጥቡን ካሰሩት ደግሞ ሲደርቅ ይከሳና ማሰሪያው በራሱ ይላላል። ከዚያ በኋላ ፍም ላይ በዝግታ እያገላበጡ ያሙቁት፤ ላብ የመሰለ ፈሳሽ ሲያወጣ በጨርቅ ይጥረጉት። ከዚህ በፊት ግን በየአንጓው መሐል ያለውን ክፍተት በቀጭን ምስማር መብሳት እንዳይረሱ። እኔ ረስቼ አንዱ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ጎረቤቴ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች።

የእግሮቹ የታችኛው ጫፍ ከጎማው ዳዶ ጋር ስለሚያያዝ ጠንከር ማለት አለበት። ጫፉ ውስጥ የተጠረበ የወይራ እንጨት እንደ ቡሽ ይወትፉ፣ ውጭውን በሽቦ ይጠምጥሙ። ከብረት ሠሪ ጋ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት አስቆርጠው በሁለት ቡሎን ያሰሩበት። ቀዳዳውን ምስማር በመዶሻ መትተው አያውጡ። ምስማሩን በፒንሳ ይዘው እስኪቀላ ካሞቁ በኋላ ቀስ አድርገው ይግፉት፤ እየጨሰ ይገባል፣ ቀርከሃውም አይሰነጠቅም። የመጀመሪያዬ የተሰነጠቀው እዚሁ ላይ ነበር።

ማሰሪያው ያረጀ ከመነዳሪ ነው። ጎሚስታ ቤት የተጣለ አይጠፋም። ታጥቦ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ ቅዳጅ ይቆረጣል። አስተሳሰሩን የተማርኩት ጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችን ቆሜ በማየት ነው፤ ገመዱን በእጅ ብቻ አይስቡትም፣ ደንገሉን በእግራቸው ተጭነው ነው። እኔም እንዲሁ አደረግሁ፦ ቀርከሃውን ረግጬ፣ ጎማውን እጥፍ እስኪሆን ለጥጬ፣ አራት ዙር በመስቀለኛ፣ ከዚያም ሁለት ዙር በሁለቱ እንጨቶች መሐል። መሐል የገባው ነው የቀደመውን የሚያጠብቀው፤ እሱን አይዝለሉት።

መስቀለኞቹን ሁለቱ አግዳሚዎች ላይ ካሰሩ በኋላ የፊተኛውን ከመቀመጫው ወደ ኋላ ጎማ ከሚወርዱት ሁለት ቱቦዎች ጋር ያያይዙ፤ የፍሬኑን ገመድ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። እግሮቹን ከአግዳሚዎቹ ጋር ሲያስሩ ከጎማው በላይ አራት ጣት ክፍተት ይተዉ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ቫርኒሽ ይቀቡ። ጎማው ማሰሪያ ፀሐይ ላይ ስለሚሰነጣጠቅ በየዓመቱ ይቀየራል።

እኔ ከ10 ኪሎ በላይ አልጭንበትም፦ ውኃ፣ ቆሎ፣ ጋቢ፣ ትርፍ ከመነዳሪ። ለሙከራ መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ይንዱት፤ ከዚያ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥሩ ፈተና ነው። መስከረም ላይ ቢሄዱ ፏፏቴው ሙሉ ነው፤ በበጋ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ይሳሳል።

አምስት ኪሎ ሜትር ሲነዱ ይውረዱና ዳዶዎቹን ያጥብቁ። እኔ የመጀመሪያ ቀን እንዲህ መንገድ ዳር ተንበርክኬ ሳጠብቅ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና መጫኛዬን ዙሪያውን አዩት። «ልጄ፣ ሽመሉ ምን ቢያጠፋ ነው እንዲህ የጠፈርከው?» አሉኝ። መልስ ጠፍቶኝ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ የላላብኝ ያን ዕለት የያዝኩት የግራው ዳዶ ብቻ ነው።