ቅርስ የምታስተምሩ ሰዎች፣ ከደረጃው ጀምሩ

አብዛኛው የቅርስ ትምህርት ገና ሲጀመር ይበላሻል። መምህሩ "ቅርስ የማንነት መገለጫ ነው" ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ፣ አለቀ። ያንኑ የሸመደደ ልጅ ከሰዓት በኋላ አሮጌ ግንብ ላይ ስሙን በሚስማር ሲጭር ታገኙታላችሁ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ደብተሩ ላይ ያለው ቃልና ግንቡ አንድ መሆናቸውን ማንም አላሳየውም።

ስለዚህ ትርጉሙን ለጊዜው ተዉት። ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት አንድ ያረጀ ነገር ፈልጉ። ቤት፣ ድልድይ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ምንም ይሁን። ዝነኛ ባይሆን እንዲያውም ይሻላል። በአንድ ቀን በአውቶቡስ አሥር ቦታ ከማዞር አንዱ ጋ አምስት ጊዜ መመላለስ ይበልጣል።

መጀመሪያ ቀን ምንም አታስረዱ። (ከባዱ ይሄ ነው፣ የሚያውቅ ሰው አፉን አይዝም።) እርሳስና ወረቀት ስጧቸውና እያንዳንዱ አንዲት ትንሽ ነገር መርጦ ሃያ ደቂቃ ይሳል፦ የበር ማጠፊያ፣ የመስኮት ጥግ፣ የሁለት ድንጋይ መጋጠሚያ። ስልክ ይቅር። ፎቶ የሚያነሳ ልጅ አየት አድርጎ ያልፋል፣ የሚስል ልጅ ግን የማጠፊያውን ሚስማር ይቆጥራል፣ አንዱ ከሌላው የተለየ መሆኑንም ያያል።

የድንጋይ ደረጃ ካለ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለት ልጆች ክር ይዘው ከዳር እስከ ዳር ይወጥሩ፣ ሦስተኛው መሃል ላይ ከክሩ እስከ ድንጋዩ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለካ። አሮጌ ደረጃ ብዙ ጊዜ መሃሉ ጎድጉዷል። "ለምን መሃሉ ብቻ?" በሉና ዝም በሉ። ሰው ስለረገጠው መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል፣ ከዚያ ስንት ሰው፣ ስንት ዓመት እያሉ መከራከር ይጀምራሉ። አታቋርጧቸው።

ቀጥሎ ሰው ይጠየቅ። ቅርስ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ዩኔስኮ እንኳ ለማይዳሰሰው፣ ማለትም ለተረቱ፣ ለጨዋታው፣ ለእጅ ሙያው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ራሱን የቻለ ስምምነት አውጥቶለታል። ልጆቹ ለአካባቢው አዛውንቶች ሁለት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፦ ልጅ ሳሉ እዚህ ምን ይደረግ ነበር? አሁን የሌለው ምንድን ነው? ድምፅ ከመቅዳት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። የአንዱ ወሬ ከሌላው ሊጋጭ ይችላል፣ እሰየው ነው፣ ሁለቱንም ጻፉ።

ወደ ጥበቃው ስንመጣ፣ "አትንኩ" ማለት ልጅን ንካ ማለት ነው። ይልቅ ክፍል ውስጥ ሁለት ነጭ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ አንዱን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ሌላውን ሁሉም በገባ በወጣ ቁጥር ይንካው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላስቲኩን አንሱና ጎን ለጎን ያስተያዩ። የእጅ ላብና ቅባት ሥዕልን ወይም ድንጋይን ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት ቀላል ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ የጽዳት ዘመቻ ብላችሁ ግንቡን እንዳትነኩት። በቅን ልብ የሚደረግ ጉዳት ብዙ ነው። የሽቦ ብሩሽ የድንጋዩን ገጽ ይፍቃል፣ በረኪና ይበላዋል። በኖራ የተሠራን አሮጌ ግድግዳ በሲሚንቶ ከለሰናችሁት ደግሞ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራል፣ ቀስ በቀስም ያፈርሰዋል። ጥገና የባለሙያ ነው። ልጆቹ ዙሪያውን ያለውን ቆሻሻ ይልቀሙ፣ ይበቃል።

የሚሠሩት ሌላም አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። በወር አንዴ ከአንድ ቦታ ቆመው ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ይዘው፣ ፎቶ ያንሱ። እዚህ ጋ ስልክ ይፈቀዳል። ስንጥቁ ከሰፋ ፎቶዎቹን አያይዘው ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ይጻፉ፣ በራሳቸው ቃል፣ እናንተ ሳታሳምሩት። የሐውልቶችና የታሪካዊ ቦታዎች ዓለም አቀፍ ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 10 ስለሚውል (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18) ደብዳቤውን በዚያ ሰሞን ብታደርሱት ሰሚ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል።

ፎቶዎቹን ቀን ጽፋችሁ በተርታ ኮሪደሩ ላይ ስቀሏቸው። የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ከመጨረሻዋ ፎቶ ይጀምራል።