የተበሳ፣ የተሞረደና ምልክት የተመታበት ጠገራ ብር አመራረጥ

በባሕር ዳር ገበያም ሆነ ዘጌ ላይ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር በተዘረጉ የጌጣጌጥ መደቦች ጠገራ ብር ሲገኝ ብዙ ጊዜ ደህና ገላ የለውም። አንዱ ለአንገት ጌጥ ተበስቷል፣ ሌላው ማንጠልጠያ ጆሮ ተበይዶለታል፣ ሦስተኛው ጠርዙን ሞረድ በልቶታል። ንጹሕ ብቻ የሚፈልግ ሰብሳቢ አልፎት ይሄዳል፤ አንጥረኛው በግራም ገዝቶ ያቀልጠዋል። ያሳዝናል፤ ገንዘቡ እንዴት ጌጥ እንደሆነና በማን እጅ እንደተፈተነ የሚያሳየው ይኸው ጉዳት ነውና። ችግሩ ትናንት የተበሳውን ከድሮው መለየቱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ መነሻውን እወቁ። በማርትሬዛው፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ባለበት ጠገራ ብር ላይ ያለው 1780 እ.ኤ.አ. ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው እንጂ ብሩ የተመታበት ላይሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ቦምቤይ፣ ለንደን፣ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሮም ያንኑ ዓመት እያኖሩ መትተውታል። ሙሉ ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ንጥር ብሩ ከሺህ 833 ነው። የምኒልክ ብርም በክብደትና በወርድ ያው ነው፤ ንጥሩ ግን 835 ነው።

ለምርመራው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ካሊፐር (የወርድ መለኪያ)፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ቀጭን የናይለን ክርና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረት ያለበትን ብቻ ስለሆነ፣ ነሐስና መዳብ ሲያልፉት አትታለሉ።

የተጎዳ ብር በክብደት ብቻ አይፈረድበትም። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመሰርሰሪያ ቀዳዳ የሚወስደው 0.18 ግራም ገደማ ነው፤ በሚስማር የተበሳው ደግሞ ብሩን ወደ ጎን ስለሚገፋው ከዚያም ያነሰ ይጎድለዋል። እንዲህ ያለ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ጠገራ 26 ግራም ከመዘነ የቀረውን ማን ወሰደው? ወይ ጠርዙ ተሞርዷል፣ ወይ በጣም አልቋል፣ ወይ ሐሰተኛ ነው። ሐሰተኛውን ከሁለቱ የሚለየው የውኃ ሚዛን ነው።

ብሩን በደረቁ መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ወደ ዜሮ መልሱ። ብሩን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ አስገቡት። አሁን የሚታየውን ቁጥር ያዙና የደረቁን ክብደት አካፍሉበት። 27.60 ግራም የሚመዝን የተበሳ ብር 2.71 ካሳየ ውጤቱ 10.18 ነው፤ ጤነኛ ነው። ከ10.1 እስከ 10.3 ያለውን ተቀበሉ፤ ከ9 በታች ከወረደ ነሐስ ወይም በብር የተለበጠ መዳብ ነው። ቀዳዳው ውስጥ የተደበቀ የአየር አረፋም ሆነ የብርጭቆውን ታች መንካት ውጤቱን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ብሩን ውኃ ውስጥ አወዛውዙት፣ ሦስት ጊዜም ለኩ። ጆሮ የተበየደበት ከሆነ ብየዳው ቁጥሩን ትንሽ ሊያዛባ ስለሚችል በጠባብ ልዩነት አትጣሉት።

ቀጥሎ ቀዳዳውን በመነጽር እዩ። ለዓመታት በክር የተንጠለጠለ ብር ቀዳዳው ክብ ሆኖ አይቀርም፤ ክሩ ወደ ጠርዙ በኩል እየበላው ሞላላ ይሆናል፣ ከንፈሩም ይለሰልሳል። ውስጡ እንደ ገጹ ጠቁሮ መገኘት አለበት። ከንፈሩ የሚቧጥጥ፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭና የመሰርሰሪያ ጥምዝ መስመር ያለበት ከሆነ አዲስ ነው። ቀዳዳው ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ከሆነ ብሩ ሲንጠለጠል ምስሏ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከንስሩ በላይ ከሆነ ንስሩ። ሻጯን «እማማ፣ ይኼ የማን አንገት ላይ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሰማችሁትን ግን ከዓይናችሁ ምርመራ ለይታችሁ መዝግቡ።

ላዩ ላይ ምልክት የተመታበት ጠገራ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። በዐረቢያ ምድር የሚገኙት የሒጃዝና የነጅድ የዐረብኛ ምልክቶች፣ በሞዛምቢክ የተመታውም፣ በሰብሳቢ ዘንድ ስለሚፈለጉ በብዛት ይመሰላሉ። በመዶሻ የተመታ ማኅተም ብሩን ያፈናቅለዋል፤ ዙሪያው ትንሽ ያብጣል፣ ከጀርባው በትክክል ትይዩው ጠፍጠፍ ይላል። ጀርባው ምንም ካልተሰማውና ገጹ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ከተሞላ ብሩ ከነምልክቱ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ዘመኑንም አመሳክሩ፦ የሒጃዝ መንግሥት ከ1916 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ነበር። የሒጃዝ ምልክት ከ1935 በኋላ በሮም በተመታ ጠገራ ላይ ከተገኘ ምልክቱ ውሸት ነው። ብሩ የተመታባቸውን ከተሞች ሥራ ለመለየት በንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎችና የንስሩን የጅራት ላባዎች ከካታሎግ ፎቶ ጋር አስተያዩ።

መንግሥት ራሱ የቆራረጠውን ሳንቲም የሚፈልግ ደግሞ የ1936 ዓ.ም. ስሙኒን ይያዝ። ክቡ የመዳብ ስሙኒ ከብሩ ሽልንግ (50 ሳንቲም) ጋር በስፋት እኩል ስለነበር በብር እየተለበጠ እንደ ሽልንግ ተላለፈ፤ በዚህ ምክንያት ጠርዙ እንደ አበባ ተሸራርፎ ወጣ። ክብ ሆኖ የቀረው ይበልጥ ስለሚፈለግ ከሽልንግ ጋር ደርባችሁ እዩት፤ ካነሰ ጥርሱ ተሞርዶ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል።

ከገዳም ወይም ከመቃብር ወጣ የተባለ፣ ከአፈር ተቆፈረ የተባለም የአክሱም ሳንቲም አይገዛም። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቃል።

ስትመዘግቡ ብርሃኑን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ። ክብደት፣ ሰፊውና ጠባቡ ወርድ፣ የቀዳዳው ስፋትና ቦታ ይጻፍ። ቦታውን በሰዓት ፊት ቁጥር ስትገልጹ 12 ከላይ መሆኑን አመልክቱ፤ «6 ሰዓት ላይ» ከተባለ አንባቢው ቀትር ይሁን ታች አያውቅም።

በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉ፤ የቀዳዳውን ጥቁረት ከወሰዳችሁ ማስረጃው አብሮ ሄደ። ቅባት ካለበት ንጹሕ አሴቶን ውስጥ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከእሳት ርቃችሁ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ አረንጓዴ ሙጫ ያወጣል፤ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክም ብርን ያጠቁራል። ከሰኔ እስከ መስከረም የጣና ዳር እርጥበት ስለሚበረታ ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡ፤ ጄሉንም በየወሩ ለውጡ።