የኮከብ ዝውውር ጭምጭምታን በእርሳስና በወረቀት መፈተሽ

አንድ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ኮከብ «ሊለቅ ነው» የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ደጋፊው ቀድሞ የሚያደርገው በምናቡ ማልያ መቀየር ነው። የኮከቡን ስም መጥራት ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመለሰውን ደመወዝ ማግኘት ነው። እግር ኳስ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ ይሆንበታል። በኤንቢኤ ቡድን ለቡድን የዝውውር ሂሳብ ከፍሎ ተጫዋች አይወስድም፤ ተጫዋቹ ከነውሉ ይሄዳል፣ የሚለወጠውም በሌሎች ተጫዋቾች ውልና በድራፍት ምርጫ፣ ማለትም በየዓመቱ ወደ ሊጉ የሚገቡ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በመምረጥ መብት፣ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጭምጭምታ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ፣ በአንድ ወረቀትና በስልክ ካልኩሌተር መጣል ወይም ማቆየት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡም በአሜሪካ ዶላር ነው።

መጀመሪያ ውሉ

ስፖትራክን የመሰሉ የደመወዝ ድረ ገጾች ላይ የተጫዋቹን ገጽ ይክፈቱና አራት ነገር ይጻፉ፦ የዘንድሮ ደመወዙን፣ ስንት ዓመት እንደቀረውና የመጨረሻው ዓመት በተጫዋቹ ምርጫ የሚወሰን መሆን አለመሆኑን፣ ዝውውርን የመከልከል መብት እንዳለው፣ እና ሲዘዋወር የሚጨመርለት ጉርሻ ካለ መጠኑን።

የመከልከል መብት ያላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለማግኘት በሊጉ 8 ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ በሚያስፈርመው ቡድን 4 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይህን አሟልቶም ቡድኑ እሺ ካላለ የለም። ብራድሊ ቢል ከዋሽንግተን ጋር ነበረው፤ በጁን 2023 ወደ ፊኒክስ ሲሄድ መብቱም አብሮት ሄደ። ሌብሮን ጄምስ በ2024 ክረምት ከሌከርስ ጋር ሲፈርም አስገብቷል። እንዲህ ያለ ተጫዋች ላይ የተነሳ ወሬ ካለ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እሱ ራሱ ወዴት ይፈልጋል?

መብቱ የሌለው ኮከብ ያለው ተጽዕኖ ብቻ ነው። ደጋፊው በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዴሚያን ሊላርድ በጁላይ 1፣ 2023 ከፖርትላንድ መልቀቅ ሲጠይቅ መድረሻው ማያሚ ብቻ እንዲሆን መፈለጉ በሰፊው ተወራ። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በሴፕቴምበር 27፣ ወደ ሚልዋኪ ሄደ። ፍላጎት ሌላ፣ መብት ሌላ።

ጉርሻው እስከ 15 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የሚከፍለው ለቃቂው ቡድን ቢሆንም የሚደመረው በተቀባዩ የደመወዝ ሂሳብ ላይ ነው፤ በመቶ ሺህ ዶላር ልዩነት የተገጣጠመ ልውውጥ በዚህ ብቻ ሊፈርስ ይችላል። ተጫዋቹ ጉርሻውን መተው ይችላል። አንቶኒ ዴቪስ በ2019 ወደ ሌከርስ ሲሄድ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ ትቷል። ወረቀትዎ ላይ ግን እንደተወው አድርገው አይጀምሩ።

ቀኑ ይፈቅዳል?

በክረምቱ አዲስ ውል የፈረመ ተጫዋች በአብዛኛው እስከ ዲሴምበር 15 አይለወጥም፤ አንዳንዱ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 15። በኖቬምበር የሚናፈሰው የልውውጥ ወሬ ግማሹ የሚወድቀው በዚህ ነው፤ ኮከቡ ነጻ ሆኖ ሳለ በምትኩ ይመጣሉ የተባሉት ሁለት ተጫዋቾች ታስረው ይገኛሉ።

ውል ያራዘመ ተጫዋችም የጭማሪው መጠን ከተወሰነ ልክ ካለፈ ለ6 ወር አይነካም፤ ሱፐርማክስ የሚባለውን፣ ቡድኑ ለራሱ ኮከብ የሚሰጠውን ትልቁን ውል፣ ከፈረመ ደግሞ ለአንድ ዓመት። ላውሪ ማርካነን ከዩታ ጋር የፈረመበትን ቀን እዩ፦ ኦገስት 7፣ 2024። ስድስት ወር ሲቆጠር ፌብሩዋሪ 7 ይሆናል፤ የዚያ ዓመት የልውውጥ መዝጊያ ቀን ደግሞ ፌብሩዋሪ 6 ነበር። በአንድ ቀን አመለጠ። ያንን ዓመት ሙሉ ስሙን ከአምስት ቡድን ጋር ሲያያይዙ የከረሙ ሰዎች የቀን መቁጠሪያ አልተመለከቱም።

ከመዝጊያው ቀን በኋላ የሚነሳ ወሬ ሁሉ የክረምት ወሬ ነው። ሂሳቡንም በሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ ይሥሩ፣ በዘንድሮው አይደለም።

ዋናው ሂሳብ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። በ2023 የጸደቀው የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት ቡድኖችን በጠቅላላ ደመወዛቸው ልክ ይከፋፍላል። የ2025-26 መስመሮች እነዚህ ናቸው፦ የደመወዝ ጣሪያ 154.6 ሚሊዮን፣ የቅንጦት ግብር መነሻ 187.9 ሚሊዮን፣ የመጀመሪያው ኤፕረን 195.9 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ኤፕረን 207.8 ሚሊዮን። ኤፕረን የሚባሉት ከግብሩ መነሻ በላይ ያሉ፣ ያለፋቸውን ቡድን የልውውጥ ክልከላ የሚጥሉበት መስመሮች ናቸው። በየዓመቱ ስለሚቀየሩ አዲሱን አሃዝ ይያዙ። ቀጥሎ የሁለቱንም ቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ከእነዚህ መስመሮች ጋር ያስተያዩ፤ ከልውውጡ በፊትም በኋላም።

ከመጀመሪያው ኤፕረን በታች ሆኖ የሚጨርስ ቡድን ከሰጠው በላይ መቀበል ይችላል። በስምምነቱ የመነሻ አሃዝ ስንሠራ፦ 6 ሚሊዮን የሚሰጥ እጥፉንና 250 ሺህ ጨምሮ 12.25 ሚሊዮን ይቀበላል፤ 20 ሚሊዮን የሚሰጥ በላዩ 7.5 ሚሊዮን ተጨምሮለት 27.5 ሚሊዮን፤ 40 ሚሊዮን የሚሰጥ 125 በመቶውንና 250 ሺህ፣ ማለትም 50.25 ሚሊዮን። ያ 7.5 ሚሊዮን ከጣሪያው ጋር አብሮ ያድጋል። ሰዎች 125 በመቶን ለሁሉም ሲጠቀሙበት ይታያል፤ በመካከለኛ ደመወዝ ላይ ይህ የሚቻለውን ልውውጥ አይቻልም ያሰኛል።

ከመጀመሪያው ኤፕረን በላይ ያለ ቡድን ይህ ሁሉ ቀርቶበታል። 20 ከሰጠ ከ20 በላይ አይቀበልም። ከሁለተኛው በላይ ያለ ደግሞ ይህም ላይ ተጨምሮ ደመወዝ መደመር አይችልም፤ ሁለት የ25 ሚሊዮን ተጫዋቾችን አንድ ላይ አድርጎ የ50 ሚሊዮን ኮከብ ማምጣት አይፈቀድለትም። ገንዘብም አያይዞ መላክ አይችልም።

ይህ ክልከላ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ሰጥቶ ሁለት መቀበል ይቻላል። የኬቪን ዱራንት ዝውውር በጁላይ 2025 ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። የ2025-26 ደመወዙ ወደ 54.7 ሚሊዮን ነበር። ሂዩስተን ለፊኒክስ የሰጣቸው ጄለን ግሪን ወደ 33.3፣ ዲሎን ብሩክስ ደግሞ ወደ 21.1 ሚሊዮን ያገኙ ነበር። ሲደመር 54.4። ውድ ቡድን የነበረው ፊኒክስ ከሰጠው ጥቂት ዝቅ ያለ ተቀበለ፤ የሁለቱ ስም የተመረጠው በጨዋታ ችሎታ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ሁለት ደመወዝ የደመረው ሂዩስተን ነው፣ እሱ ደግሞ መደመር የሚችል ቡድን ነበር። ወረቀቱን ገልብጠው ፊኒክስ ሁለት ሰጥቶ አንድ እንዲወስድ ያድርጉት፣ ወዲያው ይሰነጠቃል።

ሂሳቡ ከገጠመ በኋላ ሰው ይቁጠሩ። አንድ ቡድን በውድድር ወቅት 15 መደበኛ ውል ብቻ ይይዛል። 15 የሞላ ቡድን አንድ ሰጥቶ ሦስት ከተቀበለ ሁለት ሰው ማሰናበት አለበት፣ የተሰናባቾቹም ደመወዝ ሂሳቡ ላይ ይቀራል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ከአስር ግምት ስምንቱ ላይ ይዘለላል ብል ማጋነን አይሆንም።

የድራፍት ምርጫ ስንት ቀርቷል?

«አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ይስጡና ይውሰዱት» ይባላል። የሉም እኮ! ቡድን ከሰባት ዓመት በላይ ያለውን ምርጫ መስጠት አይችልም። በተጨማሪም በክሊቭላንድ የቀድሞ ባለቤት ስም የስቴፒየን ሕግ የሚባለው፣ ወደፊት ባሉት ዓመታት ሁለት ተከታታይ ዓመት ያለ አንድም የመጀመሪያ ዙር ምርጫ መቅረትን ይከለክላል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ከ2026 ድራፍት በፊት ከሆነ 2026ን፣ 2027ን እያሉ እስከ 2032 በአንድ መስመር ይጻፉ። የተሰጡትን ይሰርዙ። የቀሩት ሁሉ የቡድኑ ራሱ ከሆኑ መስጠት የሚቻለው አንድ እየዘለሉ ነው፦ 2026፣ 2028፣ 2030፣ 2032። አራት። በመካከል ባሉት ዓመታት ምርጫን አይሰጡም፣ ቦታ መለዋወጥን (ከሁለቱ ቡድኖች ምርጫ የተሻለውን የመውሰድ መብት) ግን መስጠት ይችላሉ። ብሩክሊን በፌብሩዋሪ 2023 ዱራንትን ሲሰጥ ከፊኒክስ ያገኘውን ይመልከቱ፦ የ2023፣ የ2025፣ የ2027 እና የ2029 ምርጫዎች፣ የ2028 ደግሞ መለዋወጥ። ሕጉ ራሱ የጻፈው ዝርዝር ይመስላል። ከዚህ የበለጠ ለመስጠት ከሌላ ቡድን ቀድሞ የተገኘ ምርጫ በእጅ መኖር አለበት።

ከሁለተኛው ኤፕረን በላይ የከረመ ቡድን ደግሞ የሰባተኛው ዓመት ምርጫው ይታገድበታል። ቆጥረው አራት ሲያገኙ፣ እውነተኛው ሦስት ሊሆን ይችላል።

የዜናውን ግሥ ማንበብ

ወረቀቱ ከገጠመ አሁን ወደ ወሬው ይመለሱ። «ይከታተለዋል» ማለት ምንም አይደለም፤ ሠላሳውም ቡድን ኮከብ ይከታተላል። «ደውለው ጠይቀዋል» ትንሽ ይሻላል። «ዝርዝር ሐሳብ ቀርቧል» ከተባለ ደግሞ ማን ለማን እንዳቀረበና ምን እንደሆነ አብሮ መኖር አለበት። ዝርዝር የሌለው «ከባድ ድርድር» ብዙውን ጊዜ አንዱ ወገን ዋጋ ለመስቀል የለቀቀው ነው። ወሬው የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ይጠይቁ፦ አዲስ ውል የሚደራደረውን ወኪል? ተጫራች የጎደለውን ሻጭ? ተፎካካሪውን ማስደንገጥ የፈለገን ቡድን?

ተጫዋቹ ራሱ በአደባባይ «ልቀቁኝ» እንዲል አይጠብቁ፣ ያስቀጣል። በጃንዋሪ 2019 የአንቶኒ ዴቪስ ወኪል የመልቀቅ ጥያቄውን በይፋ ከተናገረ በኋላ ሊጉ ዴቪስን 50 ሺህ ዶላር ቀጣው። ጥያቄዎች «ምንጮች እንደገለጹት» ተብለው የሚወጡት በዚህም ጭምር ነው። መጠየቅም መሄድ አይደለም፤ ዱራንት በጁን 2022 መጨረሻ ብሩክሊንን ልቀቁኝ ብሎ በኦገስት ጥያቄውን አንስቶ ነበር፣ የሄደው በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ነው።

የስክሪን ፎቶ አይመኑ። የጋዜጠኛውን ስም በአንድ ፊደል ቀይረው የከፈቱ ገጾች በየመዝጊያው ሰሞን ሺዎችን ያታልላሉ፣ ሌሎች ገጾችም ተቀባብለው ያባዙታል፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ይህ ነው። ወደ ራሱ ወደ ጋዜጠኛው ገጽ ገብተው ጽሑፉን እዚያ ያግኙት።

ግን ተቃራኒውም ስህተት አለ። በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ሌሊት ላይ ጋዜጠኛው ሻምስ ቻራኒያ፣ ሉካ ዶንቺች ወደ ሌከርስ፣ አንቶኒ ዴቪስ ወደ ዳላስ መሄዳቸውን ሲጽፍ፣ ብዙ ሰው ገጹ ተጠልፏል ብሎ ነበር። ቀደም ብሎ አንድም ጭምጭምታ አልነበረም። አሁን ወደ ወረቀቱ ይመልሱት፦ የሁለቱም የዚያ ዓመት ደመወዝ ወደ 43 ሚሊዮን፣ የመከልከል መብት የለም፣ የቀን ገደብ የለም። ሂሳቡ ለመግጠም ተቃርቦ ተቀምጦ ነበር። በውሉ ገጽ ላይም አንድ ምልክት ነበር፤ ዶንቺች ዳላስ ቢቆይ በዚያው ክረምት እስከ 345 ሚሊዮን ገደማ የሚደርስ የአምስት ዓመት ሱፐርማክስ ሊፈርም ይችል ነበር። ወረቀት የማይቻለውን ይነግራል፤ የሚሆነውን አይነግርም። ስለዚህ የራስዎን ግምት ሲጽፉ «ይሄዳል» ሳይሆን «ሊገጥም የሚችለው በእነዚህ ስሞችና በእነዚህ ምርጫዎች ነው» ይበሉ፣ ከሥሩም የትኛው ወገን ለምን እምቢ ሊል እንደሚችል በአንድ መስመር ይጨምሩ። ያ መስመር ባዶ ከሆነብዎት የጻፉት ከአንድ ቡድን ደጋፊ ወንበር ነው፤ ቦታ ቀይረው እንደ ሌላኛው ቡድን ደጋፊ ያንብቡት።

ስምምነት ተደረሰ ከተባለ በኋላም እርሳሱን አያስቀምጡ። ልውውጥ የሚጸናው በሊጉ ጸድቆ፣ ተጫዋቾቹም የሕክምና ምርመራ ሲያልፉ ነው። በዚያው ፌብሩዋሪ 2025 ሌከርስ ማርክ ዊሊያምስን ከሻርሎት ለማምጣት ዶልተን ኔክትን፣ ካም ሬዲሽን፣ የ2031 የመጀመሪያ ዙር ምርጫና የ2030 መለዋወጥ ሰጥቶ ነበር። መዝጊያው ካለፈ በኋላ ዊሊያምስ ምርመራውን አላለፈም ተብሎ ልውውጡ ተሰረዘ፤ ኔክት ወደ ሌከርስ ተመለሰ፣ ሌላ ሴንተር (እንደ ዊሊያምስ ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) በልውውጥ ለማምጣት ደግሞ ቀኑ አልፎ ነበር።