በአሮጌ ፊልም ካሜራ ለማንሳት

ፊልም ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራውን ባዶውን ፈትሹት። የኋላ ክዳኑን ክፈቱና የመዝጊያውን ፍጥነት አንዴ 1 ሰከንድ፣ አንዴ 1/60 ሰከንድ አድርጋችሁ የማንሻ ቁልፉን ተጫኑት፤ ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል። የክዳኑ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ጣት ላይ ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል፣ ይቀየር።

ለጀማሪ ኮዳክ ፖርትራ 400 ወይም ጥቁርና ነጩ ኢልፎርድ ኤችፒ5 አሪፍ ነው፤ ብርሃን ትንሽ ቢበዛባቸውም ይችሉታል። ስላይድ ፊልም (ኔጋቲቭ ሳይሆን ራሱ ምስሉ የሚወጣበት) ግን ምሕረት የለውም፣ ለኋላ አቆዩት። ላይት ሜትሩ (የካሜራው ብርሃን መለኪያ) ካልሠራ አትጨነቁ፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) 16፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ደግሞ ለፊልሙ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) ቁጥር የሚቀርበውን አድርጉ፣ ለ400 ፊልም 1/500 ማለት ነው።

ፊልሙን ስታስገቡ በመጠቅለያው (ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው በሚመልሰው እጀታ) ቀስ ብላችሁ ወጠር አድርጉት። ከዚያ ፊልሙን የሚያሳልፈውን ማንሻ ስትስቡ መጠቅለያው አብሮ ካልዞረ ጫፉ አልተያዘም፤ እንደገና አስገቡት፣ አለዚያ ስታነሱ ብትውሉ አንድም ፎቶ አይወጣም።